የተባረከ ቆሻሻ

የወተት ፋብሪካችን የጥገና ኃላፊ ነኝ፤ እልኸኛም ነኝ። የምርት ኃላፊው የገዛ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ ፋብሪካ ውስጥም የምጣላው «ጋሼ» እያልኩ ነው።

ሰሞኑን ያጣላን ማሞቂያው ነው። ስስ የብረት ፕሌቶች ተደርድረውበታል፤ በፕሌቱ ፊት ወተት፣ በጀርባው ሙቅ ውኃ ያልፋል። ጋሼ ወር በገባ ቁጥር በኬሚካል ያሳጥበዋል፤ ከዚያ ውጭ ንክች አያስደርግም። እኔ ግን የግፊት መለኪያው ሽቅብ ሲወጣ፣ ውኃውን ለማሞቅም ከወትሮው የበለጠ እንፋሎት ሲፈጅ አየሁና «ውስጡ ቆሽሿል፣ ይከፈት» አልኩ።

«ባለፈው ሳምንት ታጥቦ? ላንቺ መለኪያ ብዬ ምርት ላቁም?»

«ቀን ቆጥረን ሳይሆን ሲቆሽሽ ነው ማጠብ ያለብን!»

«እሺ ይከፈት። ንጹህ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ እህቴም ብትሆኚ፣ ጥገናውን አስረክበሽ ማሸጊያ ክፍል ትገቢያለሽ።»

አፌ አያርፍ፣ «ይሁን!» አልኩ።

ብሎኖቹ ተፈቱ። የመጀመሪያው ፕሌት ሲወጣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። የሚቀጥለውም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው።

«እህት ዓለም፣ ማሸጊያ ክፍል ይበርዳል፤ ሹራብ ያዢ» አለ ጋሼ። ሠራተኛው ሳቀ።

«ገና ቀዝቃዛው ወተት የሚገባበት በኩል ነው፣ ታገስ!» ብዬ ጮህኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ በሰው እጅ ሳየው ምን ልሆን ነው? ሌላው ሰው ጽዳት ይለምናል፣ እኔ ቆሻሻ ስለምን ዋልኩ።

ሙቀቱ የሚበረታበት መጨረሻው ጋ ስንደርስ አንዱ ፕሌት አልላቀቅ አለ። ሁለት ሆነን ጎትተን አወጣነው። ቢጫ ቅርፊት! ኬሚካሉ ያልደፈረው፣ ድንጋይ የሆነ የወተት ቃጠሎ!

«ተመስገን!» ብዬ ፕሌቱን አቅፌ ሳምኩት። ቅርፊቱ አፍንጫዬ ላይ ተለጠፈ።

«ኧረ ጉድ! ቆሻሻ የምትስም ሴት ዛሬ ገና አየሁ!» አለ ፕሌቱን አብሮኝ የጎተተው በያጅ። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አለ።

ጋሼ ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቀው፤ ንቅንቅ አላለም። ኮቱን አውልቆ የሽቦ ብሩሽ አነሳ።

«እንዴ! በሽቦ? ትጭረዋለህ!» ብዬ ነጠቅኩትና ለስላሳውን ሰጠሁት።

«እሺ እመቤቴ» አለና አብሮን ሲፈትግ ዋለ።

ማሞቂያው ተገጥሞ ወተቱ መፍሰስ ሲጀምር መለኪያው ቁልቁል ወረደ። የፈረቃ አለቃው እንደ ልማዱ ጋሼን «ቀጣዩ እጥበት መቼ ይሁን?» ሲል ጠየቀው። ጋሼ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እሷን ጠይቃት» አለ።

ደስታዬን የት ላድርገው! እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ «ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ» አልኩት።