የመምህር ጌትነት አምባዛ

ኮሌጁ ተማሪ ጠፍቶ የባዮሎጂ ትምህርቱን ሲዘጋ፣ ዲኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ መምህር ጌትነትን «እነዚህን አውሬዎችህን አንሳልን» አለው። አውሬ ተብዬው አንድ አምባዛ ነበር። እንቁራሪቶቹ ቀድመው አልቀዋል፤ ኤሊውንም ዘበኛው የት እንዳደረሰው እግዜር ይወቅ። ጣና ከደጅ ነው፤ ዓሣውን ወስዶ መልቀቅ ይችል ነበር። ጌትነት ግን ልቡ እንቢ አለው። ይህ የመጨረሻው ነው፤ አንድ ተማሪ እንኳ ሕይወት ያለው ነገር እያየ ይማርበት ብሎ ተመኘ።

ለዜማ ሊሰጣት ቆረጠ። ዜማ የድሮ ተማሪው ናት፤ መሸንቲ በምትባል ቅርብ ከተማ ታስተምራለች። አምባዛ እርጥብ ጆንያ ላይ አጋድሞ፣ ከውሃ ውጭ አየር ሲስብ ባሳያቸው ዕለት ግማሹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲጮህ፣ ጠጋ ብላ የዳሰሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ሰነፍ ሁሉ እንስሳ ሲመጣ ዓይኑ ይፈጥ ነበር። እንዲያ ያለ ደስታ ጌትነት በሠርጉ ቀን እንኳ አላገኘም።

ተዘግቶ የቆየው ትምህርት ቤቷ ተከፈተ ሲባል ሰምቷል፤ ስልኳ ግን አይሠራም። አምባዛውን ውሃ ባለበት ባልዲ ጨምሮ፣ ባልዲውን አቅፎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ እሱ እቴ፣ ግድም አልሰጠው።

ዜማ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበለችው። ባልዲውን አይታ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ የተከፈተ ነገር እኮ የለም። ክፍሎቹ ውስጥ ተፈናቃዮች ናቸው ያሉት። እኔም ጠመኔ ከያዝሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

ይሄኔ ሰሚሐ የምትባል ተፈናቃይ እናት ልጆቿን አስከትላ ከአንዱ ክፍል ወጣች። ባልዲውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለልጆቹ ነው ያመጡላቸው? ሥጋ ከቀመሱ ቆዩ እኮ! አላህ ይስጥዎ አባቴ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።»

ዜማ ልትናገር ስትል ጌትነት ቀደማት።

«አዎ፣ ለልጆቹ ነው» አለ።

ልጆቹ ባልዲውን ከበው የዓሣውን ጢም ለመንካት ተሽቀዳደሙ። አስተምሮ የማይጠግበው ሰው አንድ ቃል አልወጣውም። ሰሚሐ ቢላ ይዛ ስትመጣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ነገር እዚህ አበቃ። ማልቀስ አፈረ።

ሊሄድ ሲነሣ ትንሿ ልጅ ኮቱን ያዘችው።

«ነገም ያመጡልናል?»

«አመጣለሁ» ብሎ ዋሻት።