የኮሲ ቤይ ውሃ በጻካኔ

ዮአዳን ጆሃንስበርግ ውስጥ ለዶክትሬቷ የምታጠናው የባህር ባክቴሪያ ነው። በየጊዜው ከባልደረባዋ ከሲራክ ጋር ወደ ሞቃቱ የኮሲ ቤይ ዳርቻ እየወረደች፣ ጨው ውሃ ውስጥ ከሚበቅሉት የማንግሮቭ ዛፎች ሥር ውሃ ትቀዳለች። የቀዳችውንም በበረዶ ሣጥን ይዛ ትመለሳለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012፣ በየካቲት ሙቀት፣ አንድ ቅዳሜ ሲመለሱ ከተማ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው ጻካኔ የተባለው ሰፈር አጠገብ መኪናቸው በእንፋሎት ታፍና ቆመች።

«የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቷል» አለ ሲራክ ኮፈኑን ከፍቶ። «ዛሬ የምንንቀሳቀስ አይመስለኝም።»

ዮአዳን ወደ ሣጥኑ ሮጠች። በረዶው እየቀለጠ ነው። ጠርሙሶቹ ከሞቁ ባክቴሪያዎቹ ነቅተው መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ የወራት ድካሟም ገደል ይገባል። ወዲያው ትዝ ያለቻት የቤተ ክርስቲያን እህቷ ኤርጎጌ ናት። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ጻካኔ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላት። ደወለችላት።

«እህት ኤርጎጌ፣ ፍሪዘርሽ ውስጥ ቦታ አለሽ?»

«በዶሮና በአይስክሬም ጢም ብሏል። ምን ልታስገቢበት ነው?»

«ባክቴሪያ።»

 ኤርጎጌ ሳቋን ለቀቀችው። «ነይ በቃ! የት ናችሁ?»

ባኪ በሚሉት የጎረቤት ፒክአፕ መኪና አስመጣቻቸው። ሲደርሱ ዶሮውን ወደ ጎረቤት ፍሪጅ አሸጋግራ፣ አይስክሬሙን ደጅ ላይ ታድል ነበር። «ማሃላ! ነፃ ነው!» ትላለች በዙሉ ቋንቋ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሕፃናቱ እስከ ክርናቸው ተጨማለቁ። ሲራክም ሁለት ጨረሰ።

ዮአዳን ጠርሙሶቹን ስትደረድር ኤርጎጌ አጎንብሳ አየቻቸው። «ባዶ ውሃ እኮ ነው። ምን ይሠራሉ እነዚህ?»

«ቅጠል ይረግፋል አይደል? እነሱ ይበሉታል። በቅጠሉ ውስጥ ካለው ካርቦን ከፊሉን ተንፍሰው ወደ አየር ይመልሱታል፣ በከፊሉ ሰውነታቸውን ይሠሩበታል። እነሱን ደግሞ ጥቃቅን ነፍሳት ይበሏቸዋል፣ ነፍሳቱን ዓሣ።»

«ዓሣውን እኔ!» አለች ኤርጎጌ። «ታዲያ ምኑን ነው የምትለኪው?»

«ምን ያህሉን እንደሚተነፍሱ፣ ምን ያህሉን እንደሚያስቀሩ።»

ሰፈሩ ጎጎ፣ አያት፣ የሚላት አንዲት አሮጊት አይስክሬሟን እንደያዘች፣ ጠጋ አለች። ውሃው የባህር መሆኑን ስትሰማ ዐይኗ በራ። ድሮ ከደርባን ባህር ራሷ እየቀዳች ታመጣ ነበር፤ ክፉ ነገር እንዲርቅ ቤቷን ትረጭበት ነበር። አሁን ግን እግሯ እምቢ ብሏል። ዮአዳን ዕቃ ለማለቅለቅ የያዘችው አንድ ጀሪካን የባህር ውሃ ተርፏት ስለነበር ሰጠቻት። ጎጎዋ ጀሪካኑን አቅፋ እዚያው ደጁ ላይ መዝፈን ጀመረች፤ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። ኤርጎጌም ግጥሙን ሳታውቀው አብራ አጨበጨበች።

ሰኞ ዕለት ጠርሙሶቹ እንደቀዘቀዙ ላቦራቶሪ ገቡ። ውጤቱ የወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከዝናብ በኋላ የተቀዱት ባክቴሪያዎች ዮአዳን ከጠበቀችው እጅግ አብልጠው ይተነፍሱ ነበር፤ ከወንዝ የመጣው የቅጠል ጭማቂ ቀስቅሷቸዋል። መስመሩ በኮምፒውተሩ ላይ ሽቅብ ሲወጣ አይታ ከወንበሯ ዘለለች። ሲራክ ሮጦ ሲመጣ አቀፈችው። ወዲያው ለኤርጎጌ ደወለች።

«እንግዲህ ቀጣዩን ጉዞ ከእኛ ጋር ነሽ!»

ኤርጎጌ ሱቋን ለእህቷ ልጅ አደራ ብላ ሄደች። ኮሲ ቤይ ላይ፣ ማንግሮቮቹ መሃል፣ ጥቁሩ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ሲራክ በአንድ ክንዷ፣ ዮአዳን በሌላው ይስቧታል፤ እሷ ግን ከሳቋ ብዛት መቆም አቅቷታል።

«ተዉኝ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ትንሽ ልቆይ፤ ይሞቃል!»