በዘይት የራሱ ጨርቆች

«መሐንዲሷ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ቀለም ሻጩ ነው። ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው። ማንም አላስተማራትም። ለትንንሽ የመርከብና የአውሮፕላን ሞዴሎች የእንጨት መቆሚያ መሥራት የተማረችው ከስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ነው፤ ያውም ቪዲዮው ላይ የሚያሳየው ሰውዬ አፉን በከፈተ ቁጥር እያሳለፈች፣ እጁን ብቻ እያየች። «ሥራ የሚያውቅ ሰው ወሬ አያበዛም» ትላለች፣ የራሷን ወሬ ሳትቆጥር።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ጡረተኛ ካፒቴን ያዘዛትን የመርከብ ሞዴል መቆሚያ ቀለም ቀባች። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ በተልባ ዘይት የተበጠበጠውን ጥቁር ቡናማ ቀለም በጨርቅ አጠጣችው። እንጨቱ የሚበቃውን ሲጠጣ የተረፈውን በሌላ ጨርቅ፣ ከዚያም በሌላ ወለወለችው። የእንጨቱ መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። «እሰይ እጄ!» አለች።

ጨርቆቹ ሰባት ደረሱ። ዝርክርክ አትወድም። ጭምቅ አድርጋ ጠቀለለቻቸውና ሰጋቱራ ያለበት ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር አስቀመጠችው። እናቷ ምሳ በልተው በዚያው ክፍል ጥግ ጋደም አሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል፤ በሩን ክፍት ካገኙ ይወጡና የሚመለሱበት ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ቫርኒሽ ልትገዛ ስትወጣ በሩን ከውጭ ቆለፈች።

«መሐንዲሷ! ዛሬ ደግሞ የማንን ዕቃ ጉድ ልትሠሪ ነው?» አለ ቀለም ሻጩ።

«ጋሼ፣ ቫርኒሹን ይስጡኝ፤ ምክሩን ለሌላ ደንበኛ ያቆዩት።»

«ቀለሙ ሳይደርቅ ከደረብሽበት በኋላ ተላጠ ብለሽ እንዳትመጪ። የዘይት ነው የቀባሽው?»

«የተልባ።»

«ጨርቆቹንስ ዘርግተሻቸው ነው የወጣሽው?»

«ምን፣ ልብስ አጠብኩ እንዴ? ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቄያቸዋለሁ።»

ሰውየው የያዘውን ቆርቆሮ አስቀመጠ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ስሚኝ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ በኖ ይጠፋል። ከታጨቀ ግን መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። የማውቀው አናጢ ቤቱን ያጣው በዚሁ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ነው ያስቀመጥሽው?»

«ሦስት ሰዓት... ጠዋት።»

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል።

«ቤት ሰው አለ?»

«እማዬ» አለች። ቁልፉን ጨብጣ ከሱቁ ወጣች።

እግሬ አውጪኝ የሚባለው ከእሳት ሲሸሹ ነው፤ እሷ ግን ወደ እሳት ነበር የምትሮጠው። እየሮጠች ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። እናቷ ስልክ ሲጮህ ላዩ ላይ ትራስ መጫን ከጀመሩ ሰንብተዋል። ማን ይክፈትላቸው? ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም እሷ መዳፍ ውስጥ ነው፣ ላብ አጥምቆታል። መንገዱ ላይ የሚስቁ ሰዎችን አየች። በዚህ ሰዓት እንዴት ይሳቃል?

ከጣሪያው ላይ ጭስ አይታይም። ተመስገን ልትል አፏን ስትከፍት የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገባበት። ቁልፉ ከቀዳዳው ዙሪያ ብረቱን ይቧጭራል እንጂ አልገባ አለ። «እማዬ! እማዬ!» መልስ የለም። በግራ እጇ ቀኝ እጇን ደግፋ በስንት መከራ ከፈተችው።

እናቷ ከበሩ ጀርባ ቆመዋል፤ ሁለት መዳፎቻቸው በሩ በነበረበት ቦታ አየር ላይ ቀሩ። ከኋላቸው ክፍሉ ግራጫ ሆኗል። ጎትታ አወጣቻቸውና ተመልሳ ገባች። የካርቶኑ አንድ ጎን ጠቁሯል። ትንፋሿን ይዛ አቅፋው ወጣች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ክዳኑ ተከፈተ፤ ነፋስ ያገኘው ጨርቅ ቦግ አለ፣ ቅንድቧን ለበለባት። ካርቶኑን እንዳለ ውሃ የሞላው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወረወረችው። ውሃው ጮኸ።



«በሩን ስገፋው እምቢ አለኝ» አሉ እናቷ፣ እንደ ተቀጣ ሕፃን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስጠራሽም ነበር። ምን አጥፍቼ ነው?»



«አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እማዬ። እኔ ነኝ።»

እናቷን ከሳፋው ጎን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። መቆሚያው ቤት ውስጥ እንዳለ ነው፤ ጭስ ጠጥቶ እንደሆነ ገብታ አላየችም። በአንድ እጇ እንጨት ይዛ ብቅ የሚሉትን ጨርቆች ወደ ውሃው ትደፍቃለች፤ አንዱ አረፋ ባወጣ ቁጥር ሰውነቷ ድንግጥ ይላል። በሌላው እጇ የእናቷን እጅ ይዛለች።

«አሳመምሽኝ እኮ፣ ልጄ» አሉ።

ልትለቅ ሞከረች። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።