ለጋሼ ዓይን

«ይኸውልህ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ነካ ማድረግ ነው» አለ ሁሉም ጋሼ የሚለው አንጋፋው ገጽ አዘጋጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

ሠንጠረዥ ለመሥራት በእጅ ይጻፍ የነበረው ረጅም የኮምፒውተር ትእዛዝ ስክሪኑ ላይ በአንዴ ተዘረገፈ። ቅንፎቹ ራሳቸው ተዘጉ፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ቁጥር ተስተካከለ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከወንበሩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ያያል።

የጋሼ ወጣት ባልደረባ ከጎን ሆና የጃኬቱን እጅጌ ጎተተች። ልብ አላላትም።

ትእዛዙን በራሱ የሚሞላውን ቅጥያ የሠራችው እሷ ናት። የጋሼ ዓይን ከደከመ ወዲህ ቅንፍ ሳይዘጋ ያልፋል፤ አንድ ቅንፍ ከጎደለ ደግሞ መጽሐፉ በሙሉ አይወጣም። እሱ ወደ ቤቱ ሲሄድ ወደ ኋላ እየቀረች ስታርምለት ከረመች። በመጨረሻ መጻፊያ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ይህን ትንሽ ነገር ሠርታ ሰጠችው። ለማንም እንዳያሳይ ነግራው ነበር።

«የዚች ልጅ ሥራ ነው» አለ ጋሼ። «የሳምንቱን ሥራ እኮ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ደመወዟን ከፍ ብታደርግላት ምን ይልሃል?»

ባለቤቱ አገጩን አሻሸ። «በሁለት ቀን?»

«ያውም ሻይ እየጠጣሁ።»

«እንዲህ ከሆነማ ሁለት ሰው ምን ያደርግልኛል?»

ጋሼ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁን የተቀበለው አልነበረም።

«አንዳንዴ ይበላሻል» አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ። «ጋሼ ካላየው አይታመንም።»

«ኧረ አንድም ቀን ተበላሽቶ...» አለ ጋሼ፣ ለሥራዋ መቆርቆሩ ቀድሞት። ከዚያ የልጅቷን ፊት አየ።

«ጋሼ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ትቆያለህ» አለ ባለቤቱ። ድምፁ ክፉ አልነበረም። «አንቺ ደግሞ ነገሩን በእኔም ኮምፒውተር ላይ ጫኚልኝ። እስቲ ልልመደው።»

ባለቤቱ ሲወጣ ጋሼ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«በይ ሂጂ ጫኚለት። አንቺ እንኳን ትረፊ።»

መትረፍ እንደሌለ ገብቷታል። ባለቤቱ ሁለቱን ፊደል መንካት ከለመደ ተረኛዋ እሷ ናት። ቤቷ ግን መድኃኒት የምትጠብቅ እናት አለቻት።

የባለቤቱ ቢሮ ገብታ ቅጥያውን ቆማ ጫነችው። የቅጥያው ገጽ ሲከፈት ፊደሎቹ ጎላ ጎላ ያሉ ነበሩ፤ ለጋሼ ዓይን ብላ አተልቃቸው ነበር። እጇ ማውሱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለባለቤቱ ዓይን እንዲስማሙ አሳነሰቻቸው።