የጎማ ነፊው ዳገት

ጣሊያን ቡሬን ለቆ በሸሸ ሰሞን፣ ክንዱ ከባንዳነት ወደ አርበኞቹ ሲገባ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር አፉን ብቻ ነበር። ጠመንጃ የለው፣ ስንቅ የለው። «የጣሊያን ሾፌር ነበርሁ፤ መኪና ፈትቼ እገጥማለሁ» አለ። እነሱም አመኑትና ሳይገድሉት ቀሩ። እንዲያውም «መካኒኩ» እያሉ ከሽማግሌ አጠገብ ያስቀምጡት ጀመር፤ እሱም ተደላድሎ ተቀመጠ።

የአርበኞቹ አለቃ ባላምባራስ ላቀው ጅጋ ከተማ አጠገብ ሆዳቸው ላይ በቈሰሉ ጊዜ ታዲያ ዓይን ሁሉ ወደ ክንዱ ዞረ። ጥይት የሚያወጣው ወጌሻ ያለው ቡሬ ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትንሽ የጭነት መኪና፣ ካሚዮን የሚሉትም አለ። ያለ ጊዜው የጣለው ዝናብ ግን ጥቁሩን አፈር አላቁጦታል። ክንዱ መንገድ ዳር የተገለበጠ ትልቅ ካሚዮን አየና፣ «የዚያን ጎማ እንግጠምለት፤ እግሩ የረዘመ በቅሎ ጭቃ አይፈራም» አለ። ነገሩ ለሁሉም ጣማቸው። ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ በመጥረቢያ ቈርጠው ትልልቁን ጎማ አሰሩለት፤ ትንንሾቹን ከኋላ ጫኗቸው። ባላምባራስንም አሳፈሩና ክንዱ መሪውን ያዘ።

ጭቃውንስ እንደ ልብ አለፈ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ያቃስት ጀመር፤ ሦስተኛ ሲያስገባለትማ ሊጠፋ ደረሰ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይረግጣል፤ ያን ሁሉ የሚገፋው ግን ያው ትንሽ ሞተር ነው። አንደኛ ማርሽ እንደ ሁለተኛ ሆኗል፤ ዳገት ሲመጣ ከአንደኛ ወዲያ የሚወርድበት ማርሽ የለም። ቆሞ የድሮውን ጎማ መመለስ ነበረበት። ነገር ግን ከኋላ የተጫነው ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ያወድሰዋል። አፈረና ነዳ።

ወደ ቡሬ የሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ካሚዮኑ ቆመ። በአንደኛ ማርሽ አስነሣው፤ ጠፋ። ደጋግሞ ሲታገለው ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ጨሰ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢጮህም ጎማው አልዞር አለ። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ድንጋይ አስደገፉት።

የባላምባራስ የወንድም ልጅ እጅጉ ጠመንጃውን አቀባበለ። «ሆን ብለህ ነው» አለው። «ባንዳ ምን ጊዜም ባንዳ ነው።»

ክንዱ ነገሩን በልቡ መዘነው። ከሐዲ ተብሎ መሞት ቢያንስ መኪና የሚያውቅ ሰው ሆኖ መሞት ነው። የሰው ሞኝነቱ፣ አፈሙዝ ፊት ቆሞም ስለ ስሙ ይጨነቃል። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ።

«ሾፌር አልነበርሁም። ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ጎማ ነፊ ነበርሁ። መሪ የጨበጥሁት መኪና ወደ ጥላ አስጠጋ ሲሉኝ ብቻ ነው።»

ቅኔ የማያልቅባቸው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከዳር ሆነው፣ «ለካስ የነፋኸው ጎማውን ብቻ አይደለም» አሉ። ሰዉ ሣቀ። እጅጉም ሳይወድ ሥቆ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ክንዱ ምነው በጥይቱ በሞትሁ አለ በሆዱ።

ቃሬዛ ተሠራና ክንዱ ከፊት ገብቶ ተሸከመ። ባላምባራስን ራሳቸውን ወደ ዳገቱ አድርገው አስተኝተዋቸው ስለ ነበር፣ ትንፋሻቸው ከጀርባው ይሰማዋል። ጥቂት እንደ ወጡ ባላምባራስ ተናገሩት።

«አንተ ልጅ፣ ሳታውቅ ነው ያደረግኸው። እግዜር ይፍታህ።»

ይህን ተቀብሎ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«አይፍቱኝ፣ ባላምባራስ» አለ። «ሜዳው ላይ ገብቶኝ ነበር። የድሮው ጎማ ከኋላችን ተጭኗል፤ ቆሜ ብቀይረው ኖሮ ይኸን ጊዜ ቡሬ ነበርን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«አፍሬ።»

ባላምባራስ መልስ አልሰጡም፤ ትንፋሻቸውንም የራሱ ማለክለክ ሸፈነበት። ቃሬዛ ከፊት የያዘ ሰው ዞሮ ማየት አይችልም። ክንዱ ዝምታቸው የቍጣ ይሁን የሞት ሳያውቅ፣ የቍጣ እንዲሆን እየለመነ ዳገቱን ወጣ።