ከውሻው ከንፈር የተቆረጠ ቆዳ

…መላስ መንከስ አይደለም አለቻት እኮ፣ አስሊ፣ የቤቱ እመቤት፣ ጧት ሳሎኑ በር ላይ ቆማ፣ ውሻው አላበደም፣ አንቺ ጭራውን ረግጠሽው ነው የነከሰሽ፣ ልጄን ደግሞ ላሳት እንጂ መች ነከሳት፣ ሠራተኛዋ ይመኙሻል ምኑን ረገጠችው፣ ውሃ ልትሰጠው ጎንበስ ስትል ነው ባቷን የዘነጠላት፣ አፉ ለሀጭ በለሀጭ፣ ጩኸቱ የታፈነ፣ ስታበላው የኖረችውን ውሻ አታውቀውም? እሷስ ቁስሏን በሳሙና አጥባ ክትባቷን በማግስቱ ጀምራለች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ። የአስሊ ልጅ ሰብሪና ግን። ከብስክሌት ወድቃ መዳፏ የተላጠ ሕፃን፣ ውሻው የላሰው ያንን ቁስል ነው፣ ሐኪሙም ትከተብ ብሏል፣ እናትየው ግን ወይ ፍንክች፣ ማበዱን አሳዩኝ ነው የምትለው።

ታሳያታለች። ይኸው ባጃጅ ውስጥ ናት፣ እግሯ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ፣ ጆንያው ውስጥ ውሻው፣ ከግቢ አምልጦ ወጥቶ የውሃ ቦቴ ጨፍልቆት፣ እጇ ላይ ፌስታል ደራርባ ጠቅልላዋለች፣ የኮድቡር ሰፈር ሰው ሁሉ እያያት፣ ይይ። ሌሎቹ ባጃጆች ጆንያውን ሲያዩ ጥለዋት ሄዱ፣ ይሄ አያንሌ የሚባለው ግን ምንድነው አላት፣ የሞተ ውሻ አለችው፣ እንዳትነኪው ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ስልኳ ይጮኻል። አስሊ ናት፣ የት ነሽ? የእንስሳት ላቦራቶሪ እየሄድኩ ነው እትዬ። ማን ላከሽ? ማንም። ጥንብ ተሸክመሽ በከተማው መሀል ልታዋርጂኝ ነው? አሁኑኑ ተመለሺ፣ ካልተመለስሽ ሥራ የለሽም። የለሽም ትበል፣ ሥራ ተፈልጎ ይገኛል፣ ሕፃን ልጅ ውሃ እየፈራች ስትሞት ማየት ግን፣ አይሆንም። አልመለስም እትዬ፣ ትላለች፣ ስልኩን ትዘጋዋለች።

የላቦራቶሪው ዶክተር ፈትሂያ የጅግጅጋ ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ጥርት ያለ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋ ጆንያውን ትከፍታለች፣ በረጅሙ ትተነፍሳለች። የኔ እህት፣ ይሄ ምርመራ የሚሠራው ከአንጎል ነበር፣ የዚህ አንጎል ከአፈር ጋር ተለውሷል። በቃ? እዚህ ድረስ መጥታ በቃ? ከሌላ ቦታ ይውሰዱ ዶክተር፣ ካልሆነ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ፈትሂያ ቀና ብላ ታያታለች፣ መልሳ ውሻውን ታያለች፣ አፍንጫና ከንፈሩ ደህና ነው፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ጢሙ ሥር ነርቭ አለ፣ በሽታው ከአንጎል ወደዚያ ይወርዳል፣ ቆዳውን ቆርጠን እንሞክር፣ ውጤቱ አለበት ካለ አለበት ነው፣ የለበትም ቢል ግን እንዳትታለሉ፣ ልጅቷ ውጤት ሳትጠብቅ መከተብ አለባት። እሱማ ለእናቷ ተነግሯታል፣ ዶክተር፣ ማመኑ ነው የጠፋት።

ቢስሚላህ፣ ትላለች ፈትሂያ። ስለቱ ከንፈሩ ላይ ያርፋል፣ ቆዳው ከነጢሙ፣ ከነሥሩ ይነሳል፣ የጥፍር ያህል፣ ይመኙሻል ዓይኗን አትነቅልም፣ ይሄ ጢም ወተት ሲጠጣ ነጭ ጠብታ ይዞ ይቀር ነበር፣ አታልቅሺ፣ ትላለች ለራሷ፣ ለነከሰሽ ውሻ ይለቀሳል? የነከሰኝ በሽታው ነው። ዝም በይ። ውጪና ጠብቂ ትላታለች ፈትሂያ፣ ትወጣለች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ፀሐይ፣ ባቷ ይጠዘጥዛታል፣ የለበትም ቢልስ፣ ቢልም ቢልም ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ትወስዳታለች፣ እናትየው ፖሊስ ትጥራ።

ፈትሂያ በሩ ላይ ብቅ ትላለች። አለበት።

ደስ ይላታል፣ ደስ ማለቱ ደግሞ ያሳፍራታል፣ ለአስሊ ደውላ ስልኩን ለፈትሂያ ታቀብላታለች፣ ፈትሂያ በሶማሊኛ፣ ረጋ ብላ፣ ቆዳውን፣ ቁስሉን፣ ልጅቷን ትናገራለች፣ ከወዲያ በኩል የአስሊ ድምፅ፣ ቅጥን ብሎ፣ ወዴት ላምጣት?

ሆስፒታሉ በር ላይ አስሊ ልጇን ይዛ ቆማለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ጠባቂው የክትባቱ ክፍል ሊዘጋ ነው፣ ነገ ኑ ይላል፣ አስሊ ዞር ልትል ነው፣ ልትሄድ ነው እኮ፣ ይመኙሻል ሰብሪናን ከእጇ ወስዳ ታቅፋለች፣ ነገ የለም ትለዋለች ጠባቂውን በተሰባበረ ሶማሊኛዋ፣ በትከሻዋ በሩን ትገፋዋለች፣ አስሊ ከኋላዋ ትከተላለች።