አራተኛው በር በየት በኩል ነው

ወንድሜ ዴልማር የሄክተን ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው አራት የማጥቂያ ዘዴ ብቻ ነው። አምስተኛ የለውም። አራቱንም የሄክተን ሰው ሁሉ፣ ቄሱም ሆነ የነዳጅ ማደያዋ ሴትዮ፣ በቃሉ ያውቃቸዋል። ጨዋታውን እግር ኳስ እንለዋለን እንጂ ኳሷን በእግሩ የሚነካት ብርቅ ነው፤ ታቅፈዋት ነው የሚሮጡት። ዴልማር ግን ለሯጩም ለኳሷም ግድ የለውም። የእሱ ነገር ከፊት የሚሰለፉት ወፋፍራም ልጆች ናቸው፣ መንገድ ጠራጊዎቹ። «መሮጥማ ጥንቸልም ይሮጣል» ይላል፣ «ሥራው መጥረግ ነው።»

ይህንን የወረሰው ከአባታችን ነው። አባባም አሰልጣኝ ነበር፤ ክረምት ክረምት ትራክተሩን ከመጋዘኑ አውጥቶ ልጆቹን እዚያ ያሰልፍ ነበር። በሁለት ጠራጊዎች መካከል ያለውን ክፍተት «በር» ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ በር ቁጥር አለው። በቀኝ ያሉት ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፤ በግራ ያሉት አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ለምን እንደዚያ ሆነ ብትሉ አባባ ስላለ ነው፤ እኛ ቤት ከዚያ ወዲያ ምክንያት አይጠየቅም።

እኔ ያገባሁት ቤልማን ከተማ ነው፤ በስንዴው መሐል በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። ባሌ ሮይስ የቤልማን አሰልጣኝ ነው። እነሱም ያው አራት ዘዴ ነው ያላቸው፤ ልዩነቱ የበሮቹ ቁጥር የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፤ የእነሱ አራት በግራ ነው። እንደየከተማው ሲሆን ምንም አልነበረም።

ነገሩ የከፋው የሮይስ ልጆች ሄክተንን በሰፊው ያሸነፉ ጊዜ ነው። ዴልማር ከሜዳው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዘዴዬን ለባልሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔ! የነዳጅ ማደያዋ ሴትዮ የምታውቀውን ምስጢር! ከዚያ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልና ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይል «ነገ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኝ ነበር፤ እሁድ ከሚስቱ ከትዋይላ ጋር መጥቶ ይበላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ። ዓመታት አለፉ፤ ሰው መቼም ከወንድሙ ጋር ሲኳረፍ እንደሚያደርገው እኔም ኮራሁ። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስልኩን አያለሁ።

ከዚያ የገጠሩ ልጅ አነሰና ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተዋሐዱ። ቡድኑ አሥራ ሦስት ልጅ ይዞ ቀረ፣ ሰባት ከቤልማን፣ ስድስት ከሄክተን። ለመሰለፍ አሥራ አንድ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱ ቦርድ አንዱን አሰልጣኝ መምረጥ ፈራና ሁለቱንም እኩል ሾማቸው። ሁለት ባላ ትከል የሚለውን ሰምተው መሰለኝ።

የመጀመሪያው የጋራ ልምምድ ረቡዕ ነበር፤ ውኃ ይዤ ሄጄ አየሁት። በጠራጊዎቹ መስመር ከመሐለኛው ልጅ በስተግራ የዴልማር ልጅ ጃሬት፣ በስተቀኝ የእኔው ብረንት ቆመዋል፤ ያጎትና ያክስት ልጆች። የእነሱ ሥራ ቀላል ነው። ሩጫው ወደ ቀኝ ከሆነ የግራው ልጅ ከመስመሩ ይወጣና ከጓደኞቹ ኋላ ዞሮ በቀኝ በር ከሯጩ ቀድሞ ይገባል፣ የመጣበትን ይጠርጋል። ሩጫው ወደ ግራ ከሆነ የቀኙ ልጅ ይወጣል። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቆያል።

«አራት!» አለ ዴልማር።

ጃሬት ቀኝ ነው ብሎ ወጣ። ብረንት ግራ ነው ብሎ ወጣ። ከመሐለኛው ልጅ ጀርባ ግንባር ለግንባር ተላተሙ።

«ሦስት!» አለ ሮይስ። በዚህኛው ደግሞ ማንም ንቅንቅ አላለም።

«አራት ቀኝ ነው!» ጮኸ ዴልማር። «ከኖኅ ጀምሮ ቀኝ ነው!»

«ኖኅ ሄክተን ነበር እንዴ የተማረው?» አለ ሮይስ። «ለዚህ ነዋ መርከቡ ተራራ ላይ የወጣው።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ያ ነው ያበላሸው። ዴልማር ኮፍያውን አወለቀና መልሶ ደፋው። «የአርቡ ጨዋታ በአባቴ ቁጥር ካልሆነ እኔም የለሁም፣ ልጆቼም የሉም» ብሎ ስድስቱን መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። ስድስት ከሄዱ ሰባት ይቀራል፤ ቡድን የለም ማለት ነው። እኔ ግን ቡድኑን አልነበረም የማስበው። አሁን ከሄደ፣ ይህ ግትር፣ እስኪቀበር ድረስ ደጄን እንደማይረግጥ አውቃለሁ።

ሐሙስ የጋራ ልምምድ አልነበረም። ሮይስ ሰባቱን ልጆች ጓሯችን ሰበሰበና የከብት መኖ ባልዲዎችን ተቃራኒ ቡድን አድርጎ ደረደራቸው። እኔ በኩሽናው መስኮት ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ።

«ጭን ለጭን ተጠጉ። በመካከላችሁ ብርሃን እንዳላይ። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ በየት በኩል?»

«በግራ፣ ኮች!»

«በቀኝ! ከዛሬ ጀምሮ በቀኝ ነው። በሉ ከመጀመሪያው።»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። ሲገባ «ሮይስ» አልኩት፣ «የዴልማርን ቁጥር…»

«እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«ብነግረው ይኮፈስብኛል። ነገ ራሱ ይየው።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት፤ ደግ ሲሠራ እንደ ሌባ ተደብቆ ነው። ስልኩ አጠገብ ሁለት ጊዜ ደረስኩ፣ ሁለቴም ተመለስኩ። ቃል ሰጥቻለሁ።

አርብ ዴልማር ከነልጆቹ መጣ፤ ፊቱ የተዘጋ ሱቅ መስሏል። እኔና ትዋይላ አብረን ተቀመጥን፤ ሁለታችንም የማናወራው ነገር እንዳለን ያስታውቅብናል። ሁለቱ ወንዶች በሜዳው ዳር ሦስት ሜትር ተራርቀው ቆሙ። ዴልማር ሹክሹክታ የሚባል አያውቅም፤ ትእዛዙን ከዳር ሆኖ ነው የሚጮኸው።

«አራት!»

ማንም አልወጣም። ጃሬት ቆየ፣ ብረንትም ቆየ፤ በር ላይ «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» እንደሚባባሉ እንግዶች። ሯጩ ብቻውን ወደ ቀኝ ሄደና አራት ሰው ወደቀበት።

«ሦስት!»

አሁን ሁለቱም ወጡ፤ የራስ ቁራቸው ሲጋጭ እንደ ድስት ክዳን ጮኸ።

ትዋይላ ክንዴን ያዘችኝ። «ዶና፣ ጉድ ሆነናል። ዴልማር ትናንት ለልጆቹ የሮይስን ቁጥር ነው ያስተማራቸው። መጋዘን ውስጥ እስኪመሽ ድረስ! እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው።»

«ሮይስ ደግሞ የዴልማርን» አልኳት።

ተያየን። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አግዳሚው ወንበር እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። ከዚያ የእኔው ወደ ለቅሶ ሄደ። ያንን ቁጥር ዴልማር የያዘው ከአባባ እጅ ነዋ፤ እሱን ነው ለሮይስ ብሎ የጣለው።

ሮይስ አጭር እረፍት ጠይቆ ጨዋታውን አስቆመ። እኔ ወርጄ አጥሩ ጋ ደረስኩ።

«ምንድን ነው ያስተማርካቸው?» ይላል ዴልማር።

«ያንተን።»

«የእኔን?»

«ያባትህን።»

ዴልማር ኮፍያውን አወለቀ፣ ሳይደፋው ቆየ። «እኔ እኮ ያንተን ነው ያስተማርኩት።»

«ማን አድርግ አለህ?»

«አንተንስ ማን አለህ? በል እንግዲያው በአንተው ቁጥር ይሁን።»

«በጭራሽ! በአንተ ነው የሚሆነው!»

«እናንተ ሰዎች!» ጮህኩ በአጥሩ ላይ። «የእረፍቱ ሰዓት እኮ አለቀ!»

ዴልማር ወደ ሁለቱ ልጆች ዞረ፤ ጃሬት አፍንጫው ይደማል። «ቁጥር ይቅር» አለ። «ስምህን ስትሰማ ትወጣለህ። ሌላው ይቆያል። ሯጩም የተጠራውን ይከተል።»

«ኧረ ይሰሙናል» አለ ሮይስ።

«ይስሙ!»

«ጃሬት!» ሲባል ጃሬት ዞረ፤ «ብረንት!» ሲባል ብረንት። ጥቂት እንደሄዱ የእንግዳው ቡድን ልጆች ገባቸው። አሰልጣኛቸው «የግራው ነው የሚወጣው! በቀኝ ነው!» እያለ ይጮህ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ በቀኝ ነበር። ልጆቻችን ጭን ለጭን ተጠግተው ይገፉና በሩ ይከፈታል። ያን ቀን አሸነፍን፣ በትንሽ ነጥብ።

ሁሉም ሲበተን ዴልማር ወደ አጥሩ መጣ። ሣሩን በጫማው ጫፍ ይጭረዋል።

«እያወቁት እኮ ነው ሊያቆሙን ያልቻሉት» አለ።

«አየሁ።»

«ያኔም ማለት ነው… ያኔም ዘዴዬን ስላወቁ አይደለም። ልጆቹ በልጠውን ነው።»

«አዎ፣ ዴልማር።»

ቀና ብሎ የእህል ጎተራውን አየ፣ እኔን ሳይሆን። «እሁድ ምን ትሠሪያለሽ?»

በአጥሩ ላይ ክንዱን ያዝኩት። የመለሰችለት ተከትላኝ የወረደችው ትዋይላ ናት።

«ሥጋና ጥቅል ጎመን የገባበት ዳቦ ነው የምትሠራው፣ እንደ ድሮው። እኔ የፖም ኬኩን አመጣለሁ። አሁን ሂድ፣ ልጁ አፍንጫው ይደማል።»